ወንድሜን የገደለችውን አሳዪኝ

ሰዉ ሁሉ «የጆሮ ሐኪሟ» ነው የሚላት። ስሙ የወጣላት በስህተት ነው። ድሮ፣ መጀመሪያ ወደ ጥብቁ ደን ስትመጣ፣ ከደኑ ዳር ባለው መንደር ዶክተር መጣች ተብሎ ተወራ፤ ምን ታያለች ሲባል ጆሮ ታያለች ተባለ። በማግስቱ ጆሯቸው የሚመግል ሕፃናትን ያዘሉ እናቶች በሯ ላይ ተኮልኩለው አገኘቻቸው። ዶክተርነቷ ከሕክምና ጋር እንደማይገናኝ፣ የምታየው የዝሆን ጆሮ እንደሆነ፣ አንዱ ዝሆን ከሌላው የሚለየውም በጆሮው ጠርዝ ቅድ መሆኑን እስክታስረዳ ምላሷ ደረቀ። እናቶቹ በትዕግሥት ካዳመጧት በኋላ አንዷ ልጇን ዞር አድርጋ እያሳየቻት፣ «ታዲያ ያን የሚያክል ጆሮ የምታይ ሰው ይቺን ማየት ያቅታታል?» አለች።

ያኔ የታዘሉት ልጆች ዛሬ ልጅ ያዘሉ ሆነዋል። እሷም አንድ የዝሆን ቤተሰብ ስትከተል ፀጉሯ ሸብቷል። የቤተሰቡ ራስ እሜቴ ናት፤ አሮጊት፣ የግራ ጆሮዋ ታችኛው ጠርዝ እንደ ተከፈተ በር የተቀደደ። ውሃ ወዴት እንዳለ፣ መቼ እንደሚነሡ፣ ከየትኛው ሰው እንደሚሸሹ የምትወስነው እሷ ናት፤ የቀረው ከኋላዋ ነው። ቀጥላ ታናሽ እህቷ አለች፤ ግልፍተኛ ናት፣ በገዛ ጥላዋ ላይ የምትደነፋ። ከዚያ ልጆችና የልጅ ልጆች፤ ከሁሉ ታናሿ እሜቴ በስተርጅናዋ የወለደቻት ግልገል ናት። የጆሮ ሐኪሟ የእነዚህን ሁሉ ልደት ከእህቷ ልጆች ልደት አብልጣ ታስታውሳለች፤ እህቷም በዚህ ስትነዘንዛት ነው የምትኖረው።

በዱሩ አብሯት የሚውለው ጥበቃ ሻምበል ይባላል። ወታደር ሆኖ አያውቅም። ሲራመድ ደረቱን ስለሚነፋና ጫማውን ስለሚወለውል ማዕረጉን የሰጠው መንደሩ ነው። ተኩሱ ግን የቀልድ አልነበረም። የዝሆን ጥርስ አዳኞች በመጡበት ዘመን፣ ባልንጀራውን ከጎኑ በጥይት ሲጥሉበት ከመሸገበት ጉድጓድ አልተነቃነቀም፤ ጥይቱ እስኪያልቅ ተኩሶ መልሷቸዋል። ያን ቀን እሷም ከኋላው በሆዷ ተኝታ ጥይት ታቀብለው ነበር። ከዚያ ወዲህ እህቴ ይላታል፤ እሷም ወንድሜ ትለዋለች።

ሦስተኛው ሾፌሩ ጋሼ ነው። ለጡረታ የደረሰ፣ መኪናውን እንደ በቅሎ እያባበለ የሚነዳ ሰው ነው።

ወሬው የመጣው በሬዲዮ ነው። ጠዋት ነበር። ጋሼ የፒካፑን ሞተር ያሞቃል፣ ሻምበል ስፖንዳው ላይ ተቀምጦ ጫማውን ያስራል፣ እሷ ጀሪካን ትጭናለች። የጥብቁ ደን ኃላፊ ድምፅ ተንኮሻኮሸ። «ሰው ሞቷል፤ ከእርሻው ዳር ጅረቱ ጋ። ዝሆን ነው» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሻምበል አጠገብሽ ካለ ዞር በይ» አላት።

ሻምበል ግን ሰምቷል። የጫማውን ማሰሪያ እንደያዘ፣ ቀና ሳይል፣ «ወንድሜ ነው?» ብሎ ጠየቀ።

ታናሽ ወንድሙ ነበር፤ አባታቸው ቀድሞ ስለሞተ ያሳደገውም የዳረውም እሱ ነው። ሲደርሱ ሰውየው ተረግጦ ነው የሞተው ቢባል የሚያንስበት ሆኖ አገኙት። ዝሆኗ በግንባሯ መሬት ላይ አስደግፋ ፈጭታዋለች። ደረቱ አፈር ውስጥ ሰጥሟል፤ አንድ ክንዱ ከትከሻው ተገንጥሎ ቁጥቋጦ ላይ ተንጠልጥሏል። ደሙ ገና አልረጋም፤ ዝንቡ ግን ቀድሟቸዋል። ሻምበል አላለቀሰም። ኮቱን አውልቆ መሬት ላይ ዘረጋና የወንድሙን ገላ በእጁ እየለቀመ ይሰበስብ ጀመር። ጋሼ ሊያግዘው ሲጎነበስ፣ «ተወኝ ጋሼ። በልጅነቱም ያጠብኩት እኔ ነኝ» አለው።

የጆሮ ሐኪሟ ወደዚያ ማየት ስላቃታት መሬቱን አየች። መሬቱ ደግሞ ከሬሳው የባሰ ነገረኛ ነበር። መርገጫው ላይ ስንጥቅ ያለበት የኋላ ቀኝ እግር ትልቅ ኮቴ አለ፤ የእሜቴ ነው፣ እንደ ራሷ እጅ ነው የምታውቀው። አጠገቡ የትንሽ ግልገል ኮቴ ክብ እየሠራ መሬቱን አርሶታል። ከአንድ ግንድ ሥር የሽቦ ወጥመድ ተበጥሶ ቀርቷል። የግልገሏ ደም አለበት። ከግንዱ ላይ የመጥረቢያ ምልክት ይታያል፤ መጥረቢያው ራሱም እጀታው ተሰብሮ ሣሩ ውስጥ ወድቋል። ሰውየው ለድኩላ ያጠመደው ሽቦ የዝሆን ልጅ ይዞበታል ማለት ነው። ሽቦውን ቆርጦ ሊለቃት ነው የመጣው ወይስ በመጥረቢያ ሊጨርሳት? የሚያውቅ የለም፤ እናቲቱም አልጠየቀችም።

ገና ይህን ስታወጣ ስታወርድ መንደርተኛው ደረሰ። የመጀመሪያው ድንጋይ የመኪናውን የፊት መስታወት ዱቄት አደረገው፤ ሁለተኛው የጋሼን ግንባር ሰነጠቀ። የሟቹ ሚስት ሰዉን ሰንጥቃ መጥታ የጆሮ ሐኪሟን አንገት በሁለት እጇ አነቀች። ጥፍሯ ሥጋ ውስጥ ገባ።

«ስሙ ማን ነው?» አለቻት። «የልጆቼ አባት ስም ማን ነው? ንገሪኛ! የእነሱን የሁሉንም ታውቂያለሽ፣ ያማጡበትን ቀን ታውቂያለሽ። የእሱንስ?»

የጆሮ ሐኪሟ አፏን ከፈተች። ቃል አልወጣትም፤ ስለታነቀች ብቻ አይደለም። ስንት ዓመት የሻምበል ወንድም እያለች ነው ያለፈችው።

ሻምበል ነው ያላቀቃቸው፤ እጁ እስከ ክርኑ በደም እንደተነከረ። ከሰዉ መሃል የመንደሩ ባለወፍጮ ወጣ። የማይጮህ፣ ሲናገር ሰው የሚሰማው ሰው ነው። «የተባይ መድኃኒት ሁላችንም ቤት አለ» አለ። «ገዳይዋ እስከ ነገ ካልሞተች ዝሆኖቹ ሁሉ የሚጠጡበት ኩሬ ውስጥ እንገለብጠዋለን። ከዚያ መርጣችሁ ቅበሩ።»

ኃላፊው ቢሮ ሲገናኙ ከሰዓት ሆኗል። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ አንድ የሚንቀጠቀጥ ማራገቢያ፣ ግድግዳው ላይ የደኑ ካርታ፣ ከጥግ የጠመንጃ ቁም ሳጥን። ኃላፊው የሳጥኑን ቁልፍ በጣቱ ላይ እያሽከረከረ ሻምበልን አላየውም፤ እሷን ነበር የሚያያት።

«ከከተማ ተኳሽ አስመጣለሁ» አለ። «ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሱት ይባላል።»

«ያንተ ተኳሽ ፊት የመጣችለትን መትቶ ፎቶ ተነሥቶ ይሄዳል» አለ ሻምበል። «እኔ አንዷን ብቻ ነው የምፈልገው።» ወደ እሷ ዞረ። «ዛሬ ዝሆን ሁሉ አንድ ነው የሚመስለኝ እህቴ። ዓይኔን አላምነውም። ወንድሜን የገደለችውን አሳዪኝ። ሌላ አልገድልም፤ ይኸው ቃሌ።»

ኃላፊው ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ሻምበል ፊት አስቀመጠው።

ኮሪደሩ ላይ ተከተለችው። በልቧ መያዝ አልቻለችም። «ሽቦ ነበር» አለችው። «ወንድምህ ያጠመደው ሽቦ ልጇን ይዟት…»

በጥፊ መታት። ጆሮዋ ላይ ነው ያረፈው፤ ግድግዳውን ተደግፋ ባትቆም ኖሮ ወድቃ ነበር። ጭንቅላቷ ውስጥ ደወል የሚመስል ነገር ይጮህ ጀመር።

«አይቼዋለሁ» አለ። «ካንቺ በፊት ነው ያየሁት። ሽቦ ያጠመደ ሰው ይታሰራል እንጂ አይፈጭም።»

«እናት ናት እኮ።»

«እሱም አባት ነበር።»

ይቅርታ አልጠየቃትም፤ እሷም አልጠበቀችም።

በማግስቱ ጀምበር ከፍ ስትል ወጡ። ጋሼ ግንባሩን በፋሻ ጠምጥሟል፤ ቢሆንም ነገ ይሁንልኝ አላለም። የፊት መስታወት በሌለው መኪና አቧራ እየጠጡ ሲሄዱ የጆሮ ሐኪሟ ልብ ሁለት ቦታ ተከፍሎ ነበር። ከኩሬው ማዶ ብቻውን የሚኖር አንድ አሮጌ ወንድ ዝሆን አለ። የመጨረሻ መንጋጋ ጥርሱ አልቋል፤ ሣር እያላመጠ ይተፋል፤ ከመጪው በጋ አያልፍም። እሱን ብታሳየው ማንም አይጠይቃትም። ቤተሰቡ እሜቴን ይዞ ይተርፋል፤ መንደሩም ዝሆን ሞተ ብሎ ያርፋል። ማታ አልጋዋ ላይ ሆና ይህንኑ ወስና ነበር።

ቤተሰቡን ያገኙት ከግራሮቹ ሥር ነው። ግልገሏ እግሯ በሽቦው ታንቆ ግንድ አክሏል፤ ስትረግጥ ትንጠለጠላለች። እሜቴ ከጎኗ ቆማለች። ጥርሷ ላይ የደረቀው ነገር ጭቃ እንዳልሆነ የጆሮ ሐኪሟ በርቀት ማያ መነጽሯ አየች።

ሻምበል ዝሆኖቹን አላየም። ጠመንጃውን ታቅፎ የእሷን ፊት ነበር የሚያየው። ምንም ብትለው ያምናታል። ይህ ሰው ትናንት ወንድሙን ከአፈር ለቅሞ፣ ዛሬ ጥፋተኛዋን ለይቼ ልምታ ብሎ የቆመ ነው፤ እንዴት ብላ ትዋሸው?

«የግራ ጆሮዋ እንደ በር የተቀደደው» አለችው። «እሜቴ ናት።»

ሻምበል ዓይኑን ጨፍኖ ገለጠ። በልቡ ያውቀው እንደነበር ያን ጊዜ ገባት። ወርዶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ እስከ አንድ ኩይሳ ሄደና አፈሙዙን አስደገፈ።

ተኩሱ ደኑን አናጋው። እጁ ግን ከድቶታል፤ ጥይቱ ከዓይኗ በታች መንጋጋዋን ሰባብሮ ገባ። እሜቴ በጉልበቷ ወደቀች፣ ተመልሳ ተነሣች። የጮኸችው ጩኸት ከአፏ ደም እያረጨ ነው የወጣው። ሸሽተው ይበተናሉ ሲባል ቤተሰቡ ሁሉ ተሰብስቦ ከበባት፤ ግራና ቀኝ በትከሻቸው ደግፈው አቆሟት። ግልገሎቹ በእግሮቻቸው መሃል ይጮኻሉ። ሻምበል ሁለተኛ ጥይት አቀባብሎ አነጣጠረ፤ ነገር ግን ሌላዋን ሳይመታ እሷን የሚያገኝበት ቀዳዳ አጣ።

ታናሽ እህቷ ያን ጊዜ ከመሃላቸው ወጣች። ጆሮዋን ዘርግታ፣ ኩምቢዋን ጠቅልላ፣ እንደ ልማዷ ሳትደነፋ ዝም ብላ መጣች። ጋሼ ማርሹን ወደ ኋላ ከተተ፤ ጎማው አሸዋ ላይ ተሽከረከረ እንጂ አልነቃነቀም። አንድ ጥርሷ በሩን በስቶ የጋሼን ታፋ አልፎ ወንበሩ ውስጥ ተሰካ። ጭንቅላቷን ስትነቀንቅ መኪናው እንደ ካርቶን ተገለበጠ። የጆሮ ሐኪሟ ከኋላ ተስፈንጥራ እሾህ ላይ ወደቀች። ቀና ስትል ዝሆኗ በግንባሯ መኪናውን ስትደቁሰው አየች፤ ቆርቆሮው ሲጨማደድ፣ ጋሼም ከውስጥ እናቱን ሲጣራ ሰማች።

ሻምበል ከኩይሳው ጀርባ ተነሥቶ ቆሟል። ጠመንጃው ጎርሷል። ዝሆኗ ጎኗን ሰጥታዋለች፤ ሕፃን ልጅ እንኳ የማይስታት ቦታ ላይ ናት። የጆሮ ሐኪሟ አፈሙዙ ወደ ዝሆኗ ሲዞር አየች፤ ቆየት ብሎ ወደ ሰማይ ከፍ ሲልም አየች። ወደ ላይ ተኮሰ። «እዚህ ነኝ! ወዲህ ነይ!» እያለ፣ ኮፍያውን እያወዛወዘ፣ ከመኪናው ርቆ ሮጠ።

መጣችለት። ኩምቢዋ ወገቡ ላይ ሲያርፍ ጠመንጃው በአንድ በኩል፣ እሱ በሌላ በኩል ተወረወሩ። ሊነሣ ክንዱን ሲያስደግፍ ክንዱ ላይ ቆመችበት። አጥንቱ ሲሰበር እንደ ደረቅ እንጨት ጮኸ። ልትደግመው እግሯን ስታነሣ ከኋላ የእሜቴ ድምፅ ተሰማ፤ ቀጭን፣ የማቃሰት ዓይነት። ታናሿ እግሯን አየር ላይ እንደያዘች ቆመች። ከዚያ ሰውየውን ትታ ወደ እህቷ ተመለሰች።

እሜቴ በጎኗ ወድቃ ነበር። በተነፈሰች ቁጥር ከቁስሏ ደም አረፋ እየሠራ ይወጣል። የጆሮ ሐኪሟ ወደ ሻምበል ዳኸች። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል።

«እያሰቃየኋት ነው» አለ። «አልቻልኩም። ጨርሺያት እህቴ።»

ጠመንጃ አያያዝ ያስተማራት እሱ ነው፤ በጣሳ ላይ፣ ለክፉ ቀን ብሎ። አንስታ አቀባበለች። በጉልበቷ እየሄደች በተገለበጠው መኪና ጥግ ተጠጋች። የት እንደሚመታ ታውቃለች፤ አዳኞች በጣሏቸው ስንት ሬሳዎች ላይ ቀዳዳውን በጣቷ ዳስሳለች፤ ከጆሮው ቀዳዳ ትንሽ ፊት ለፊት ነው። ስንት ጊዜ በእርሳስ የሳለችው ያ ጆሮ መሬት ላይ ተዘርግቷል። ታናሿ እህቷን ልታነሣ ጎንበስ ስትል ክፍተት ተገኘ። የጆሮ ሐኪሟ ቃታውን ሳበች። ጠመንጃው ትከሻዋን መልሶ ጣላት። እሜቴ አንድ ጊዜ ተዘረጋችና ጸጥ አለች።

ተኩሱን የሰማ መንደርተኛ ቢላና መጥረቢያ ይዞ ደረሰ። ዝሆኖቹ እስኪርቁ ጠበቁና ከፊሉ ሥጋው ላይ ወረደ። ከፊሉ ደግሞ፣ ባለወፍጮው ፊት ፊት እየመራ፣ መኪናውን በትከሻው ገፍቶ ጋሼን አወጣ፤ ባለወፍጮው የጋሼን ታፋ በገዛ ሸሚዙ አሰረለት። ትናንት ድንጋይ የወረወሩ እጆች ናቸው ሁለቱን ቁስለኞች በሸራ ተሸክመው እስከ ክሊኒኩ ያደረሱት። የጆሮ ሐኪሟ ከእሜቴ ጎን ተቀምጣ መጥረቢያው ሲያርፍባት አየች። ተው አላለቻቸውም።

ክሊኒኩ ውስጥ አግዳሚ ወንበሩም ወለሉም ደም በደም ሆኖ ነበር። የሻምበልን ክንድ ከክርኑ በላይ ቆረጡት። ሲነቃ መጀመሪያ የጠየቀው፣ «ታናሿን መትቻት ይሆን?» ብሎ ነው።

«አልመታሃትም።»

«ደግ። ጆሮሽስ?» አላት።

«አንዱ ይጮሃል እንጂ አይሰማም።»

«የጆሮ ሐኪም ጆሮዋን ታማ ስትመጣ ምን ይሏታል?» አለ፤ ሊስቅ ሲል የጎድን አጥንቱ ከለከለው። ቀጥሎ ያለቀሰው ለቅሶ ነው ለወንድሙ ያለቀሰው የመጀመሪያ ለቅሶ። የጋሼ አልጋ ከአጠገቡ ነው፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የተኛ መሰለ።

ግልገሏ ተረፈች። ኃላፊው ከከተማ የእንስሳት ሐኪም አስመጥቶ በማደንዘዣ ጥይት ተኝታ ሽቦው ወጣላት፤ አጥንቷ ጋ ደርሶ ነበር። ቤተሰቡ ግን ያው አልሆነም። ታናሿ መሪ ሆነች፤ ወዴት እንደምትሄድ የማታውቅ መሪ። በበጋው እሜቴ የምታውቃቸውን የሩቅ ኩሬዎች ሳያገኙ ቀርተው ሁለት ግልገሎች በውሃ ጥም ሞቱ። መኪና ሲያዩ ከሩቅ ነው የሚያጠቁት። የጆሮ ሐኪሟም ከዚያ ወዲህ ቀርባቸው አታውቅም፤ ኮረብታ ላይ ሆና በመነጽር ነው የምታያቸው።

ሻምበል ቁስሉ ሲጠግግ ወደ መንደሩ ሄዶ ሰው በተሰበሰበበት ቆመ። የቀኝ እጅጌው በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። «ሽቦውን ያጠመደው ወንድሜ ነው» አለ። «ጥሩ ሰው ነበር፤ ሽቦም ያጠምድ ነበር። ቤቱ ሽቦ ያለው ሰው ያምጣልኝ። አላስርም።» አንዳንዱ ምራቁን ተፍቶ ሄደ። አንዳንዱ ግን ከጣሪያው ሥር፣ ከአልጋው ሥር እየጎተተ አመጣ። የወንድሙ ሚስት በሯን ዘጋችበት፤ የሞተውን አዋረድከው ብላ ዓመት ሙሉ አላናገረችውም። ልጆቹን ግን አልከለከለችውም። በግራ እጁ ጫማ ማሰር ያስተማሩት እነሱ ናቸው።

ዝናቡ ከገባ በኋላ ነው የሟቹ ሚስት ራሷ ወደ ጥበቃው ካምፕ የመጣችው። የጆሮ ሐኪሟ በሯ ላይ ስታያት እጇ ሳታዝዘው ወደ አንገቷ ሄደ። ሚስትየዋም አየች፤ መሬት መሬት አየች።

«ያቺ የተረፈችውን አሳዪኝ» አለች።

የጆሮ ሐኪሟ መጀመሪያ የሟቹን ስም ጠራች። «ነፍሱን ይማር» አለች።

አብረው ኮረብታው ላይ ወጡ። መነጽሩን አስተካክላ ሰጠቻት። ሚስትየዋ ረጅም ጊዜ አየች። ከታች ግልገሏ ከሌሎቹ ኋላ ቀርታ እያነከሰች ትሄዳለች፤ ታናሿ በየጊዜው ቆማ ትጠብቃታለች።

«ይህችን ነው ወይ ሊፈታ የሄደው?» አለች ሚስትየዋ መነጽሩን ከዓይኗ ሳታነሣ። «ወይስ ሊገድላት?»

«አላውቅም» አለች የጆሮ ሐኪሟ። «እውነቴን ነው። ምልክቱ ሁለቱንም ይመስላል።»

ሚስትየዋ ራሷን ነቀነቀች። ሌላ ምንም ቢሏት ኖሮ አታምንም ነበር። መነጽሩን መለሰችና ልብሷ ላይ የያዘውን እሾህ እየነቀለች፣ «ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሳይመጡ አድርሺኝ» አለቻት። ቁልቁለቱ በዝናብ አዳልጦ ስለነበር የጆሮ ሐኪሟ እጇን ዘረጋችላት፤ ሴትየዋ ትንሽ አመንታ ያዘችው።